ጣሪያ ውስጥ የሚኖረው ዓሣ

ናንዋ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር ከታንግ ማውሊን ጣሪያ የሚወፍር ነገር ቢኖር የታንግ ማውሊን ወሬ ብቻ ነበር። ጣሪያው ባሕር በሚተፋው ሣር የተከደነ ነው። ቅድመ አያቱ ከከደኑት መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ውፍረቱ ክንድ ተኩል ይሆናል። ነፋስ እንዳይወስደው አሮጌ የዓሣ መረብ ስለ ተጣለበት፣ ከሩቅ ሲያዩት ወጥመድ ገብቶ የተኛ ግራጫ ዓሣ ነባሪ ይመስላል። ማውሊን ስለዚህ ጣሪያ ሲጠየቅ፣ በልጅነቱ አንድ አውሎ ነፋስ መጥቶ ክዳኑን ሊነቅል ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ታግሎ፣ ሲያቅተው አፍሮ ወደ ኮሪያ እንደ ሄደ ይናገራል። "ሲሄድ እያነከሰ ነበር" ይላል። ዕድሜው ሰባ ሁለት ነው። ከዚያ ውስጥ አርባውን ዓመት የጀልባ አለቃ ሆኖ ኖሯል፤ ከያዘው ዓሣ ያመለጠው እንደሚበልጥ ያልሰማ የመንደሩ ሰው የለም።

በዚያ ጸደይ ግን ጣሪያው አፈሰሰ።

ጠብታዋ ደግሞ ቦታ መራጭ ነበረች። ከሥሩ እሳት በሚነድበት ሰፊ መደብ ላይ፣ ባልና ሚስት አርባ አራት ዓመት ጎን ለጎን በተኙበት፣ የማውሊንን ትራስ ትታ የሚስቱን የቢ ዩንፈንን ትራስ መረጠች።

"አንተ ሽማግሌ፣" አለችው ዩንፈን በማግሥቱ ጠዋት ጸጉሯን እየጨመቀች፣ "ጣሪያህ ተፋብኝ።"

"ጣሪያ አይተፋም። ወዶሽ ስሞሽ ነው።"

"እንግዲያው ባለ ባል መሆኔን ንገረው። ይኼ ሣር ይውረድና ቤቱ እንደ ሰው ቤት ቀይ ሸክላ ይልበስ። የሐምሌ ዝናብ ሳይገባ መደቤ ካልደረቀ እኔ ልጄ ጋ፣ ያንታይ ከተማ፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ እሄዳለሁ። እዚያ ከላይ የሚያፈስብኝ ቢኖር የአሥራ ስምንተኛ ፎቅ ሰው ብቻ ነው።"

"ይጠገናል እንጂ ምን ያስወርደዋል?"

"ካልወረደማ፣" አለች ድምፅዋን ዝቅ፣ ዐይኗን ወደ ጣሪያው አናት ከፍ አድርጋ፣ "እንዴት እናወጣዋለን?"

ማውሊንን የተጎነጨው ሻይ ትን አለው።

እናወጣዋለን ያለችው የወርቁን ዓሣ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከአርባ አራት ዓመት በፊት፣ የዩንፈን አባት ልጃቸውን ከመስጠታቸው በፊት እሷን ይዘው የአማቹን ቤት ሊያዩ የመጡ ዕለት ነው። ማውሊን በዚያን ጊዜ የነበረው ሀብት ግማሽ ጀልባ ነው፤ ያውም የሚያፈሰው ግማሽ። አባትየው ጓዳውን አዩ፤ ዝም አሉ። ግቢውን አዩ፤ ዝም አሉ። ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩና አፋቸውን ሲያጣምሙ ማውሊን ነገሩ እንዳበቃለት ገባው። "አባቴ፣ ላዩን አይዩት" አላቸው፤ ምላሱ ከልቡ ቀድሞ። "ቅድመ አያቴ ይህን ጣሪያ ሲዘጉ አናቱ ላይ የወርቅ ዓሣ ቀብረውበታል።" በዚያ አገር ጣሪያ ሲዘጋ አናቱ ላይ አንድ ሁለት ሳንቲም መሸጎጥ የተለመደ ስለ ሆነ ነገሩ ከነጭራሹ የማይታመን አልነበረም። አባትየው ጢማቸውን ዳሰሱ። "ምን ያህላል?" አሉ። "አውራ ጣት" አለ ማውሊን። ዩንፈን በዚያው ዓመት፣ በዘመን መለወጫ ማግሥት፣ ሙሽራ ሆና ገባች።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የማውሊን ውሸት ግን እያደር ይከብድ ነበር። ልጃቸው ስትወለድ ዓሣው መዳፍ አከለ። የዩንፈን እህት የሃይታንግ ባል ቴሌቪዥን የገዛ ሰሞን ክርን ድረስ ደረሰ፤ ቀይ የዕንቁ ዐይኖችም አበቀለ። ልጃቸው ስታገባ ዩንፈን "አውጥተን እንሽጠው" ብትለው ማውሊን ሌላ ዘዴ ፈጠረ፦ "ቅድመ አያቴ ተናዝዘዋል። ዓሣው የሚወጣው ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ሲለወጥ ብቻ ነው። ያለዚያ የቤቱ ዕድል አብሮት ይዋኛል።" ያን ጊዜ ጣሪያው ይለወጣል ብሎ ማን አሰበ? ሰው በገዛ መረቡ ሲጠመድ እንዲህ ነው።

አሁን እንግዲህ ነገሩ ጥርት ያለ ነው። ጣሪያው ከተጠገነ ውሸቱ እንደ ተኛ ይኖራል። ከተለወጠ አናቱ ይከፈታል፤ ዩንፈንም አንገቷን አስግጋ ባዶውን ጉድጓድ ታያለች። ማውሊን ማዕበል አይፈራም፤ ያን ጊዜ የሚኖራትን ፊት ግን ፈራ። "ለወርቁ ብላ ነበር እንዴ የመጣችው?" የሚለውን ጥያቄ አርባ አራት ዓመት ሸሽቶታል።

መጀመሪያ ያመጣው ጋሽ ጁን ነው። ጋሽ ጁ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በዚያ ዳርቻ የባሕር ሣር መክደን የሚያውቁ የመጨረሻው ሰው ናቸው። መሰላሉን እንደ ድመት ወጥተው ከጣሪያው ጥቂት ሣር ነጨት አደረጉና አሸተቱት፤ ጫፉን ቀመሱት።

"ላዩ ደክሟል እንጂ አልሞተም" አሉ ወርደው። "ሣር ካለ ይጠገናል። ባሕሩ ግን ይኸን ሣር መስጠት ካቆመ ቆይቷል። ቢሆንም የመንደሩ አሮጌ የመረብ ማከማቻ ሊፈርስ ነው፤ የሱ ክዳን ገና መቶ ዓመት የሚያገለግል ነው።"

"ጋሽ ጁ፣" አለች ዩንፈን፣ "አይቀየሙኝና እርስዎ የሱ የአረቄ ጓደኛ ነዎት። የሞተ ሰው ቢያሳይዎት እንኳ 'ደክሞታል' ነው የሚሉት። ያረጀ ሣር በሌላ ያረጀ ሣር ሊጠግኑልኝ ነው? እኔ ሸክላ ነው የምፈልገው።"

እናም ሸክላ የሚከድኑ ሠራተኞች ይመጡ ጀመር።

እዚህ ላይ ማውሊን ክፋቱን መዘዘ። በዓሣ አጥማጅ ቤት አንዲት ቃል አትነገርም፤ "መገልበጥ" የምትለዋ። ጀልባ የሚያደርገውን፣ ያደረገው ጀልባም ተመልሶ የማይነግረንን ነገር ማን በአፉ ይጠራል? ዓሣ በሳህን ሲቀርብ የላይኛው ጎን ተበልቶ አጥንቱ ይነሣና የታችኛው ይበላል እንጂ ዓሣው አይነካም። ቂጣ እንኳ እሳት ላይ "ይሻገራል"። ከመሀል አገር የሚመጡ ጣሪያ ሠሪዎች ግን ይህን የት ያውቁታል? ጭራሽ ሥራቸውን ራሱን የሚጠሩት በዚያች ቃል ነው፤ "ገልብጠን እንከድነዋለን" ነው የሚሉት።

ወሩ ባዩ የተባለው ዓሣ የሚወጣበት ነው፤ አማች ሁሉ ትልልቁን መርጦ ለሚስቱ አባት የሚልክበት። የማውሊንም አማች ልኮለታል። ማውሊን አንዱን ዓሣ እንዳለ አስጠብሶ፣ ሥጋ የሌለውን ጎኑን ወደ ላይ አድርጎ፣ ለመጀመሪያው እንግዳ አቀረበለት። ሰውዬው አንዴ ጎረሰ፣ ሁለቴ ጎረሰ፣ አጥንት ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ቾፕስቲኩን ከሥር አስገብቶ ዓሣውን በሌላ ጎኑ ዠቅ! ማውሊን ልቡን ይዞ ወደቀ። "ሰጠምን!" እያለ ወለሉ ላይ ዋኘ። እንግዳው ሳይታጠብ ወጣ። ሁለተኛው እንግዳ ዓሣ አይበላም ነበር፤ ግን ገና ሳይቀመጥ "በሦስት ቀን ገልብጬ አስረክብዎታለሁ" አለ። ማውሊን የጀልባ ቦቲውን ተጫምቶ፣ ውኃ መቅጃውን ባልዲ አንሥቶ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ አባረረው።

"ምን ላድርግ?" አለ ላቡን እየጠረገ ሲመለስ። "እኔ ጠላሁት እንዴ? ቃሉን ተናገረ። እንዲህ ያለ ሰው የሠራው ጣሪያ ሥር እንዴት ይተኛል?"

ዩንፈን ከማዕዱ የተረፈውን ዓሣ አገላብጣ ሳይሆን ዞር ዞር ብላ ተመለከተችው። የወፈረው ጎን ከታች ተደርጎ ቀርቦ እንደ ነበር ገባት። ባሏንም አየችው። ከዚያ የቀረውን ሁለተኛውን ባዩ ዓሣ አውጥታ መክተፊያው ላይ ትከትፈው ጀመር። እስኪደቅ ከተፈችው።

ሦስተኛው ሰው ፓንግ ይባላል። ባሕርን የሚያውቃት በቴሌቪዥን ነው። ከመወፈሩ የተነሣ ሞተር ብስክሌቱ ከሥሩ አትታይም፤ በአየር ላይ ተቀምጦ የሚመጣ ይመስላል። ዩንፈን በር ላይ ጠብቃ፣ ክንዱን ይዛ፣ በጆሮው ረጅም ነገር ስታንሾካሹክ ማውሊን በመስኮት ተመለከተ። ገብተው ሲቀመጡ በሳህን የመጣው ዓሣ አልነበረም፤ ዓሣው ተከትፎ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የተቀቀለ ጂያዎዚ ነበር። ድቡልቡል ነገር ደግሞ ላይና ታች የለውም።

"ዓሣው የታለ?" አለ ማውሊን።

"ውስጡ" አለች ዩንፈን። "ብላ።"

ማውሊን ተስፋ አልቆረጠም። "ስማኝ ወንድሜ ፓንግ፣ መጽሐፍ ታነባለህ?"

"አልፎ አልፎ፣ አባባ።"

"አንዱን ገጽ ጨርሰህ ሁለተኛው ላይ ለመድረስ ምን ታደርጋለህ?"

ፓንግን ላብ አጠመቀው። ወደ ዩንፈን ተመለከተ። "እ... እተኛለሁ።"

"ጎበዝ። ጋሪ ሙሉ አሸዋ ይዘህ መጣህ እንበል። አሸዋው መሬት እንዲወርድ ጋሪውን ምን ታደርገዋለህ?"

"እለምነዋለሁ" አለ ፓንግ።

ዩንፈን አፏን በእጅጌዋ ሸፈነች።

"ካልሲ ስታጠልቅ የውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ ብታገኘውስ?"

"ሌላ እገዛለሁ፣ አባባ። ሥራ ደህና ነው።"

ማውሊን ጥርሱን ነከሰ። ፓንግ በበኩሉ ድል እንዳደረገ ስላወቀ ደረቱን ነፍቶ የደረሰኝ ጥራዙን አወጣና፣ ቁመቱንና ስፋቱን ጽፎ፣ ገንጥሎ በሁለት እጁ አቀረበ። "ይኸው እማማ። ዋናውን እርስዎ ይያዙ፤ ግልባጩ እኔ ዘንድ—"

"አላት!" ማውሊን ከመደቡ ላይ ዘለለ። "አላት! አላት! ባልዲዬን!"

"ቁጭ በል!" አለችው ዩንፈን። "ግልባጭ ወረቀት ነው። ወረቀት ሲሰምጥ አይተህ ታውቃለህ?"

"የዚያችው ቃል ልጅ ናት!"

"ልጅ በእናቷ ኃጢአት አትጠየቅም። ወንድም ፓንግ፣ ሐሙስ ጠዋት ሰዎችህን ይዘህ ና። መጀመሪያ አናቱን ትከፍቱልኛላችሁ።"

ፓንግ እንደ ሄደ ዩንፈን ስልኩን አንሥታ ለእህቷ ደወለች። ሃይታንግ ሺዳዎ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ባሏ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን አለው፤ ሁለት ጥርሷ ወርቅ ነው። "ሃይታንግ!" አለች ዩንፈን፤ ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። "ሐሙስ ነይ! ዐይንሽን ታጥበሽ ነይ! አዎ፣ ይወጣል! ልጆቹንም አምጪያቸው! ካሜራም አምጪ!"

ማውሊን በር ላይ ተቀምጦ ሰማ። ሚስቱ እንዲህ ስትደሰት ከሰማ ቆይቷል።

ማክሰኞ ሺዳዎ ገበያ ወረደ። የቁልፍ ማንጠልጠያና የጸጉር መርፌ የሚሸጥ ሰው ዘንድ አንድ የነሐስ ዓሣ አገኘ፤ ክርን ባያክልም ከመዳፍ ይበልጣል፤ ዐይኑም ቀላ ብሏል። "ሌላ ዓይነት የለህም?" ብሎ ጠየቀ። "ዓሣ ያው ዓሣ ነው አባባ" አለው ነጋዴው። ማውሊን ቸኩሎ ስለ ነበር ይህን የመሰለ ነውር ሰምቶ ሳይከራከር ከፈለ።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ባሕሩ ዳር ሰፋፊውን የባሕር ቅጠል ለማድረቅ ሲወርዱ፣ ዩንፈንም አብራቸው ወረደች። ማውሊን መሰላሉን ከቤቱ ጀርባ አቆመ፤ ዓሣውን በብብቱ ሸጎጠና ወጣ። አሳቡ ቀላል ነው፦ አናቱ ላይ ቆፈር አድርጎ፣ ዓሣውን ቀብሮ፣ ጭቃውን መልሶ ለስኖ መውረድ። ሐሙስ ዓሣው ይገኛል። ወርቅ ነው አይደለም የሚለው የሐሙስ ጣጣ ነው።

አናቱ ላይ ደርሶ ተንበረከከ። ከዚያ ላይ ባሕሩ በሙሉ ይታያል። ሁለት እጁን ሣሩ ውስጥ አስገብቶ ሲጎለጉል ጉልበቱ ሥር አንድ ነገር "እህህ" አለ፤ እንደሚያዛጋ ሽማግሌ። ጠብታዋ የምትወርድበት ቦታ ላይ መንበርከኩን ያወቀው ያኔ ነው።

"ተገለበጥኩ!" ብሎ ጮኸ።

ያችን ቃል። በገዛ ቤቱ። ከቤቱም አናት ላይ። የባሕሩ ዳር ሴቶች በሙሉ ቀና አሉ ይባላል፤ ሁለት ጀልባዎችም ወደብ ተመለሱ ይባላል።

እንደ ፈራው አልወደቀም። እግሩ ገባ፣ ጭኑ ገባ፣ ሆዱ ጋ ሲደርስ ጣሪያው ያዘው። ከሆዱ በላይ ያለው ማውሊን ፀሐይ ይሞቃል፤ ከሆዱ በታች ያለው ማውሊን ቤት ውስጥ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የኮርኒሱ ወረቀት ሲቀደድ ሰማ። አንድ ጫማው ከእግሩ ሾለከና "ጧ" ብሎ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ።

"ሊጤን!" አለ ከታች አንድ ድምፅ።

ዩንፈን ነበረች። ለሐሙስ ሠራተኞች ያቦካችው ሊጥ እንዳይገነፍልባት ከባሕር ዳር ቀድማ ተመልሳ ነበር። "ማነው? ሌባ ነህ?" አለች፤ ቀጥሎም "አይ፣ ይኼን ሱሪ እኔ ነኝ የጣፍኩት።"

"እኔ ነኝ አሮጊቴ፤ አትደንግጪ" አለ ማውሊን ለባሕሩ። ይህን ሲል ብብቱ ላላ። የነሐሱ ዓሣ ደረቱን ተንሸራቶ፣ በሆዱና በሣሩ መካከል ሹልክ ብሎ፣ ወደ ታች ወረደ። መደቡ ላይ ሲያርፍ ድው አለ።

ዩንፈን ከመደቡ ስታነሣው ተሰማው።

"አንተ..." አለ የዩንፈን ድምፅ። የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች የነበራት ድምፅ ነበር። "አገኘኸው? ራስህ ልታወጣልኝ ወጥተህ ነው? በዚህ ዕድሜህ?"

ማውሊን አፉን ከፈተ። ከእሱ የሚፈለገው "አዎ" ብቻ ነው። በዕድሜው ከተናገራቸው ውሸቶች ሁሉ ትንሿ ትሆን ነበር፤ ሁለት ፊደል። ግን አንዷንም ፊደል ሳያወጣ አፉን መልሶ ዘጋ።

"ሽማግሌው፣" አለች ዩንፈን ዓሣውን ወደ ብርሃን አቅርባ፣ "ይኼ ዓሣ ጢም አለው።"

"የምን ጢም?"

"ሁለት ጢም። ይኼ የወንዝ ዓሣ ነው። ቅድመ አያትህ በራቸው ላይ ባሕር አስቀምጠው ወንዝ ነበር እንዴ የሚያጠምዱት?"

"አርጅቶ ነው" አለ ማውሊን፤ ምላሱ እንደ ልማዱ ቀድሞት። "መቶ ሠላሳ ዓመት ቀልድ ነው? ጢም ያላወጣ ምን ያውጣ?"

"ሆዱ ላይም ወረቀት ተለጥፎበታል። 'ሠላሳ ስምንት ዩዋን፤ አንዴ የተሸጠ አይመለስም' ይላል። ይኼስ አርጅቶ ነው?"

አንድ የባሕር ወፍ መጥታ መረቡ ላይ አረፈችና ማውሊንን ጎንበስ ብላ አየችው። ማውሊንም አያት። ከዚህ በኋላ ወዴት ይኬዳል?

"ወርቅ የለም፣ ዩንፈን" አለ። "ኖሮም አያውቅም። አባትሽ ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ አፋቸው ተጣመመ። ይዘውሽ ሊሄዱ ነው ብዬ ፈራሁ። በኋላ ደግሞ ዓሣው በገዛ እጁ አደገ።"

ያን ሁሉ ዓመት የፈራውን ፊት አሁን እንኳ ማየት አልቻለም፤ ያለው እግሩ ብቻ ነው። እግሩ ግን አንድ ነገር ተሰማው፤ በመጥረጊያ እስኪመታ ሲጠብቅ፣ ዩንፈን ከሊጡ ያወጣችውን ጫማ ጠርጋ፣ ተረከዙን ጨብጣ፣ ገፋ አድርጋ አጠለቀችለት።

"ለወርቁ ብለሽ ነበር የመጣሽው?" አለ ማውሊን ቀስ ብሎ።

"ለወርቅ ቢሆን የማቀዝቀዣውን ባለቤት አላገባም ነበር? ሃይታንግ አታውቅም እንጂ መጀመሪያ የጠየቀው እኔን ነው።"

"እና ለምን?"

"የዚያን ዕለት አባቴንና እኔን ስትሸኘን፣ አውሎ ነፋሱ እያነከሰ ሄደ ያልከኝ ጊዜ ሳቄ አመለጠኝ። ሳቄን ልይዝ ስከተል ይኸው እዚህ ደረስኩ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሊጤ ውስጥ ሳይወድቅ የዋለበት ቀን የለም።"

ማውሊን ለወፏ ፈገግ አለላት። ወፏ በረረች።

"አሁን የጨነቀኝ አንተ አይደለህም" ቀጠለች ዩንፈን። "ሃይታንግ ናት። ቴሌቪዥን ገዛሁ ስትለኝ 'እኛ ዓሣ አለን' አልኳት። መኪና ገዛሁ ስትለኝ 'እኛ ዓሣ አለን' አልኳት። ጥርሷን በወርቅ ያሠራች ጊዜ 'የኛ ዓሣ ክንፉ ብቻ ያንቺን መንጋጋ ያህላል' ብያታለሁ። ነገ ከነልጆቿ፣ ከነካሜራዋ ትመጣለች። አናቱ ተከፍቶ ባዶ ቢሆን... አይሆንም። አይከፈትም።"

"ምን አልሽ?"

"ይጠገናል አልኩ! ጆሮህም ጣሪያው ውስጥ ነው እንዴ? ጋሽ ጁን ልጥራ፤ እዚያው ጠብቀኝ።"

"የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?"

ጋሽ ጁ መጥተው ማውሊንን በብብቱ ይዘው፣ ዩንፈን ከታች እግሩን እየገፋች፣ እንደ ቡሽ ነቀሉት። ከዚያ ጋሽ ጁ በሆዳቸው ተኝተው ጉድጓዱን ዳር እስከ ዳር ዳሰሱ። ላዩ አንድ ስንዝር ያህል ጠቁሮ በስብሷል። ከዚያ በታች ያለው ሣር ግን ቡናማ፣ ደረቅ፣ ጨው ጨው የሚሸት ነው፤ ትናንት ከባሕር የወጣ ይመስላል። የተሰበረው፣ በአንዲት ስንጥቅ የወረደው ጠብታ ያራሰው የእንጨት ርብራብ ብቻ ነው።

"ልጄ ዩንፈን፣ ነይ እይው" አሉ። "ሥራዬን ስሠራ እንዲህ ያለ ምርመራ አይቼ አላውቅም። ባልሽ በገዛ እግሩ እስከ ሆዱ ገብቶ አየልሽ። ስንዝሩን እናነሣለን፣ የመረብ ማከማቻውን ሣር እንመልስበታለን፣ ርብራቡን እንተካለን። የልጅ ልጅሽ እስክታረጅ ጠብታ አታይም። ሸክላ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዛሬ ወይ ባልሽ ተንሸራቶ ወድቆ፣ ወይ ሸክላው አንቺ ላይ ወድቆ፣ እኔ እዚህ ለቀብር ነበር የምመጣው።"

ዩንፈን መሰላሉ ላይ ወጥታ እጇን አስገባች፤ አወጣችው፤ መዳፏን በጉንጯ ላይ አደረገች። ደረቅ ነበር።

"ታዲያ ይኼን ያህል ደህና ከሆነ፣" አለች፣ "ለምን አልነገሩኝም?"

"ነግሬሽ ነበር። የአረቄ ጓደኛ ነዎት አልሽኝ።"

"ነዎት እኮ!"

ማውሊንም በራሱ ሕግ ተፈረደበት። ቃሉን የተናገረ ሰው ከቤት ይባረራል ያለው እሱ ነው፤ ስለዚህ ጥገናው እስኪያልቅ ቀን ቀን ቤት መግባት ተከልክሎ፣ ከፈረሰው የመረብ ማከማቻ ሣሩን በጀርባው እየተሸከመ እንዲያመላልስ ሆነ። ፓንግ ሐሙስ ጠዋት ሲመጣ ዩንፈን በሁለት ሳህን ጂያዎዚ ተቀበለችውና፣ የመጸዳጃ ቤቱን ጣሪያ ሰጠችው። "እሱን እንደ ፈለግህ... አድርገው" አለችው። ፓንግ ቃሉን ሳይጠራ፣ በደስታ፣ መጸዳጃ ቤቱን ቤተ መንግሥት የሚያስመስል ቀይ ሸክላ አለበሰው።

የዓሣውን ወረቀት ዩንፈን በሙቅ ውኃ አስለቀቀችው። ጢሙን በሞረድ ሞረደችው። ከዚያ በቀይ ጨርቅ ጠቅልላ ለጋሽ ጁ አቀበለቻቸው፤ እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁ አናቱ ላይ ቀብረው ጭቃውን ይለስኑበት ጀመር።

ሃይታንግ በዚያው ሐሙስ የደረሰችው እጃቸው ገና ጭቃው ላይ ሳለ ነው። ከነልጆቿ ከመኪናዋ ወርዳ፣ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቀና አለች።

"ምነው ተዘጋ?" አለች። "ዓሣውስ?"

ማውሊን የሣር ሸክሙን እንደ ያዘ መሰላሉ መሃል ላይ ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት ዋሽቶ ላቡ ሲንጠባጠብ የመጀመሪያው ነበር። ዩንፈን ግን እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ተረጋግታ፤ እህቷን በክንዷ ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

"ሃይታንግ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ" አለች። "ልናወጣው ነበር። ጋሽ ጁ እጃቸውን አስገቡ። ሞቃት ነው አሉ።"

"ሞቃት?"

"እንደ ታቀፈች ዶሮ። ገለጥ አድርገው ቢያዩ፣ ከሆዱ ሥር ትንንሾች አሉ።"

"የምን ትንንሾች?"

"የወርቅ ጫጩቶች። ይቺን የሚያክሉ" አለችና የትንሿን ጣቷን ጫፍ አሳየቻት። "አርግዞ ነበር። መቶ ሠላሳ ዓመት። ከእናታቸው... ወይም ከአባታቸው፣ ጋሽ ጁም መለየት አልቻሉም... ገና አልተላቀቁም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ነገር ማን ይነካል? አንቺም እናት ነሽ።"

ሃይታንግ አፏ ተከፍቶ ሁለቱ የወርቅ ጥርሶቿ በፀሐይ አብረቀረቁ። ወደ ጋሽ ጁ ተመለከተች፤ ጋሽ ጁ ጭቃውን በጣም በጥንቃቄ፣ እንደሚያስተኙት ሕፃን፣ መታ መታ ያደርጉት ነበር።

"ስንት ናቸው?" አለች ሃይታንግ በሹክሹክታ።

"ሰባት።"

ማውሊን በዕድሜው ሙሉ ዓሣውን በርዝመት አሳድጎታል፤ በክብደት አሳድጎታል፤ ዐይን ተክሎለታል። እንዲወልድ ማድረግ ግን አንድ ቀን እንኳ በአሳቡ አልመጣም። ሚስቱን አዲስ ሰው እንዳያት ያህል አያት፤ ቀናባት፤ ኮራባትም።

"እውነት ነው ወይ፣ የእህቴ ባል?" አለች ሃይታንግ ወደ ላይ አንጋጣ። "ሰባት ናቸው?"

ማውሊን ሸክሙን አስተካከለ። ዩንፈን ዐይኗን አፍጥጣ ተመለከተችው።

"አትስሚያት፤ ሴትዮዋ ማጋነን ትወዳለች" አለ። "ስድስት ናቸው።"